የምሳ ሰዓት ንዝረት

«ግራውን።»

ክር ግራ እግሯን አንስታ ከጫማ ሰፊው ሣጥን ላይ አሳረፈች።

ጫማ ሰፊው ቀና ብሎ አላያትም። በወስፌው ጫፍ የተረከዙን ቆዳ ፈልቀቅ አደረገ። ሁለት ጣቶቹ ገቡ፣ ወጡ። ከሲጋራ ቁራጭ የማትበልጥ የቆርቆሮ ቱቦ ከተረከዟ ተነቅላ ሙጫው ጣሳ ውስጥ ሰመጠች። በቦታዋ ሌላ ባዶ ቱቦ ገባች።

ዘጠና ሰከንድ።

ቀኑ ጠራራ ነው። ከፊት ለፊታቸው አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰልፍ ቆሟል። ከጎኗ ባለው በርጩማ ላይ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ ያነባል፤ ላየው ተራውን የሚጠብቅ ደንበኛ ነው።

«ስንት ቀረ?» አለ፣ ዓይኑን ከስፖርቱ ገጽ ሳያነሳ።

«አንድ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ፕሮፌሰሩ ሲጨርስ። ሁለት ወር ቢፈጅ ነው።»

«አራተኛውን አምጪና ቤትሽ ነሽ ልጄ። በገዛ ስምሽ።» ገጹን ገለጠ። «እናትሽ ደህና ናቸው። አንድ ጥርስ አስቸግሯቸው ነበር፤ ተነቀለ።»

 እናቷ ልጃቸው መርከብ ላይ ምግብ አብሳይ ናት ብለው ካመኑ ሦስተኛ ዓመታቸው ነው። በየወሩ ከአንድ ወደብ ፖስት ካርድ ይደርሳቸዋል። የሚጽፈው ይኸው ጋዜጣ አንባቢ ነው። የእናቷን ጥርስ ሳይቀር ይቆጥራል እንጂ የማንም ዘመድ አይደለም፤ አጎት የሥራ ስሙ ነው። እሷም ለእሱ ክር ናት።

ጫማ ሰፊው ተረከዙን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገው። «ይሄ ላልቷል። ላጥብቀው?»

ለእሷ አጎት ቀድሞ መለሰ። «አጥብቅላት። ይሄ ተረከዝ ቢነቀል ሁላችንም ነን የምንነቀለው።»

ጫማዋን አውልቃ ሰጠች፤ በአንድ እግሯ እንደ ዶሮ ቆማ ጠበቀች። ጫማ ሰፊው ጀርባውን ሰጥቷት ረዘም ላለ ጊዜ ሲመታ ቆየ። ስትጫማው ትንሽ ከበዳት። አዲስ ሚስማር ነው ብላ አሰበች።

አውቶቡሱ መጣ።

*

ወደምትሠራበት ሕንፃ መግባት ቀላል ነበር። ሲገቡ አንድ ዘበኛ ሰላምታ ይሰጣል፤ ሲወጡ ሦስት ዘበኞች ቦርሳ፣ ኪስና ፀጉር ይፈትሻሉ። ስልክ አይገባም። ወረቀት አይወጣም። መስኮት አይከፈትም። እግር ግን ማንም አይቶ አያውቅም።

በሦስተኛው ፎቅ ሁለት ክፍሎች አሉ፤ አንደኛው በሌላኛው ሆድ ውስጥ። የፊተኛው የሌዘሩ ክፍል ነው፣ የውስጠኛው የአንጎሉ። ወደ አንጎሉ ለመግባት በሌዘሩ ማለፍ ግድ ነው።

የክር ሥራ የውስጠኛው ክፍል ነበር። ስልሳ ቀጫጭን ሽቦ በተነጠፈባቸው የመስታወት ሳህኖች ላይ ሕያው የአንጎል ሕዋሳት ይኖራሉ፤ በሠላሳ ሰባት ዲግሪ ሙቀት፣ እንደ ሰው ገላ። በየቀኑ የምግባቸውን ቀይ ፈሳሽ ትቀይርላቸዋለች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ሞግዚት ይላታል። አንደኛው ሳህን አራት መቶ ቀን ኖሯል። ለሽፋን የያዘችው ሥራ ነው፤ ግን ሳታውቀው፣ ሊያስነጥሳት ሲል ፊቷን ከሳህኖቹ የምታዞር እውነተኛ ሞግዚት ሆና አረፈችው።

ፕሮፌሰሩ ሐኪም አይደለም። የፊዚክስ ሰው ነው።

«ሃያ ዓመት የመሬት መንቀጥቀጥ ሳጠና ኖርኩ» ይላል ለአዲስ ሠራተኛ ሁሉ። «ያንኑ ስሌት አሁን ከዚህ ሳህን ውስጥ አገኘሁት። አንዱ ሴል ጎረቤቱን ይገፋል፣ ጎረቤቱም ጎረቤቱን። ልኩን ሲያልፍ ማዕበል ይሆናል። የሚጥል በሽታ እንግዲህ ይሄ ነው።»

ደካማ የኤሌክትሪክ ምት በትክክለኛው ክፍተት ቢሰጣቸው ማዕበሉ እንደሚተኛ ደርሶበታል። ማስተኛት የቻለ ማስነሳትም ይችላል፤ ሦስቱ ዘበኞች የቆሙት ለዚህ ነው። ምቱ አራት ደረጃ አለው። የየደረጃው ሞገድ በቀጭን የወረቀት ጥብጣብ ላይ ታትሞ ይወጣል። ቁጥር ቢሆን በልብ ይያዝ ነበር፤ ሞገድ ግን አይያዝም። ተረከዝ ያስፈለገው ለዚህ ነው።

«ደግሞ ይህን ልብ በሉ» ይላል ፕሮፌሰሩ መጨረሻ ላይ። «ምቱን ካቆምኩ በኋላም ያንኑ ይመታሉ። የለመዱትን አይለቁም። ከምናውቃቸው አንዳንድ ሰዎች ይሻላሉ።»

የፊተኛው ክፍል ጌታ ባለ ሌዘሩ ነበር። ወጣት ነው፤ ፀጉሩን ረስቶ ሌንስ ሲወለውል የሚውል። ጠረጴዛው በአየር ትራስ ላይ የተንሳፈፈ ድፍን ብረት ነው። በዚያ ላይ በብርሃን ብቻ አንዲት ከአቧራ የምታንስ የመስታወት ቅንጣት ፈሳሽ ውስጥ ይዞ ያቆማል፤ በእሷም ሕያው ሕዋስን እየነካ ልስላሴውን ይለካል። ክር በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ጠርቶ አሳይቷት ነበር።

«ተመልከቺ እታለም። ገመድ የላት፣ ግድግዳ የላት። ዙሪያዋን ክፍት ነው። እስቲ ውጪ በያት።»

ቅንጣቷ ትፈራገጣለች፤ ወደ መሃል ትመለሳለች። ደግሞ ትፈራገጣለች፤ ደግሞ ትመለሳለች።

«ምኗ ነው እንዲህ የሚያንቀጠቅጣት?»

«በመጀመሪያ ውሃው ራሱ። ከዚያ ሊፍቱ። ከዚያ እኔ ካሳልኩ፣ እኔ። ጠንከር ብሎ የረገጠ ሰው ካለ ደግሞ እግሩን ትሰማለች።»

ክር ይህንንም ለአጎት ነግራው ነበር። ትንሹም ትልቁም ይነገራል፤ ደንቡ ነው። አጎት ሳቀ። «ጠረጴዛውም ሰላይ ነው በይኛ» አለ። ሲያወሩ ምንም የማይጽፈው አጎት፣ ያን ቀን ከጋዜጣው ጥግ ላይ አንድ ቃል ጫር ሲያደርግ አይታዋለች።

*

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ሰኞ ጠዋት ከሌዘሩ ክፍል በር አጠገብ ትልቅ ወረቀት ተለጥፎ ጠበቃት።

«የጩኸት ሌቦች» ይላል ከአናቱ፣ በባለ ሌዘሩ ድንቡሽ ፊደል። ከሥሩ አራት የተንቀጠቀጡ መስመሮች፤ ልኬቱን የሚያውኩ ንዝረቶች። ሊፍት። ፓምፕ። ከባድ መኪና። አራተኛው መስመር ስም የለውም፤ የጥያቄ ምልክት ብቻ። ከጎኑ፣

«በምሳ ሰዓት። ሁሌም ስድስት ከአርባ ላይ። ባለ ሁለት እግር። ያወቀ ምሳ ይጋበዛል።»

ከዚያ ዝቅ ብሎ በቀይ እስክሪብቶ፣

ግራው ይከብዳል።

ክር የያዘችውን ጠርሙስ አልጣለችም። የሠለጠነችው ለዚህ ነው። ስድስት ከአርባ ግን ሁሉም ምሳ ሲወጡ እሷ ማተሚያውን ለማየት ሹልክ ብላ የምትገባበት ሰዓት ነው።

«አየሽልኝ?» አለ ባለ ሌዘሩ ከኋላዋ፣ ዳቦ እያኘከ። «ምሳ ስወጣ ማሽኑን ክፍት እየተውኩት ነው የምሄደው፤ ሰው የለም ብዬ። ለካ ሰው አለ። ሁለት ወር ሙሉ ልኬቴን አበላሸብኝ።»

«ማን ይሆን?»

«ማንም ይሁን፣ ልጣላው አይደለም። ሰዓት ይቀይርልኝ ብቻ። ምናልባት የቧንቧ ሠራተኛው ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «አንቺ እንኳ አይደለሽም። አንቺ እንደ ጥጥ ነው የምትረግጪው፤ ድሮ አይቼሻለሁ።»

ድሮ።

ክር ሳቀች። በሙያዋ ከባዱ ነገር መሳቅ ነው፤ እሱንም ታውቅበታለች።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ድመቱ መጣ። ድመቱ የጥበቃ ሹሙ ነው። በወፍራም ጎማ ጫማ ይሄዳል፤ መምጣቱ የሚታወቀው ከጀርባ ሲተነፍስ ነው። ድመቱ የሚሉት በሌለበት ነው፤ መኖር አለመኖሩ ስለማይታወቅ ደግሞ በሹክሹክታ። ሌዘሩ ክፍል ረግጦ አያውቅም። ዛሬ ገባና ግራና ቀኝ ሳያይ ወረቀቱ ፊት ቆመ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው ጌታዬ» አለ ባለ ሌዘሩ፣ የሚጠይቀው ሰው በማግኘቱ ደስ ብሎት። «ጩኸትን ማጥፋት የሚቻለው ምንጩን—»

«የሰው እግር ይለያል?»

«አጥርቶ። እርስዎን ብቻ አይለይም።»

የሳቀ የለም።

«ሐሙስ አምስት ሰዓት ላይ» አለ ድመቱ፣ «የዚህ ፎቅ ሰው ሁሉ በዚህ ወለል ላይ አንድ በአንድ ይሄዳል። ከዛሬ ጀምሮ በር ላይ የሁሉም ጫማ ይታያል። የቀየረ ይመዘገባል።»

*

የጫማ ማሰሪያዋን ፈታ ወደ ጫማ ሰፊው ሄደች። የተፈታ ማሰሪያ አደጋ ማለት ነው። በሩብ ሰዓት አጎት ደረሰ።

ነገረችው። ጋዜጣውን ሳያጥፍ ሰማት።

«ሌላ ጫማ ያስፈልገኛል» አለች። «የሚመሳሰል።»

«አይሆንም። ጫማ የቀየረ ይያዛል። ይሄንኑ አድርጊ፣ ረጋ ብለሽ ሂጂ። ቅንጣት ዳኛ አይደለችም።»

«ሐሙስ ሳልገባ ብቀርስ?»

«ሐሙስ የቀረ ራሱ ተናገረ ማለት ነው።» ገጽ ገለጠ። «አራተኛው ጥብጣብ?»

«ሐሙስ ጠዋት ይታተማል።»

«እንግዲያው ከፈተናው በፊት ተረከዝሽ ውስጥ ይግባ። ሁሉም ወደ ማሽኑ ነው የሚያየው። በዚያው ይዘሽ ትወጫለሽ። እናትሽ ይጠብቁሻል።»

ምክሩ ልክ ይመስል ነበር። አንድ ነገር ብቻ ቆረቆራት። አጎት በሦስት ዓመት ውስጥ፣ ማስረጃ ይዘሽ ፈተና ግቢ ብሎ አያውቅም።

ረቡዕ ከምሳ በፊት ክር ፈሳሽ ወደምታዘጋጅበት ጠባብ ክፍል ገብታ በሩን ዘጋች። ጠረጴዛው ላይ የግራምን ሺኛ የሚለይ ሚዛን አለ። እዚህ ቤት ሰው ሲጠራጠር አይጨቃጨቅም፤ ይለካል። ጫማዎቿን አወለቀች።

ቀኝ፦ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ግራም።

ግራ፦ ሦስት መቶ ዘጠና አራት።

ሰማንያ ሁለት ግራም ልዩነት። የቆርቆሮዋ ቱቦ ዘጠኝ ግራም ናት።

የቀረው ምንድን ነው?

ተረከዙን በመቀስ ፈለቀቀችው። ከቱቦዋ በስተጀርባ፣ በሙጫ የታተመ፣ አውራ ጣት የሚያህል ድፍን ብረት ተቀምጧል። በሰው እጅ የተሞረደ፤ ለልኩ የተሠራ።

ያን ቀን ጫማ ሰፊው ረዘም ላለ ጊዜ መታ። ላጥብቀው ሲል አጎት ቀድሞ መለሰ። የባለ ሌዘሩ የጥያቄ ምልክት የጀመረው ከዚያ ማግስት ነው። ሦስት ዓመት እንደ ጥጥ ስትረግጥበት ምንም ያልሰማው ጠረጴዛ ሁለት ወር ሙሉ ሰማት። ጠረጴዛው እንደሚሰማ ለአጎት የነገረችው ደግሞ ራሷ ናት።

ሸጧታል።

ለማን እንደሸጣት ገና አላወቀችም።

ብረቱን አወጣች። ብረት ከሌለ ክብደት የለም፤ ክብደት ከሌለ ቅንጣቷ አትናገርም። ሁሉም ምሳ ሲወጡ ቀለል ባለው ጫማ የሌዘሩን ክፍል አቋረጠች፤ ሰባት እርምጃ። ዞራ ማሽኑን አየች። መስመሩ ገና እየተሳለ ነበር።

ግራው ይከብዳል።

እንደገና ሄደች። ግራው ይከብዳል። ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ሄደች። ስሱ ነው፤ ግን አለ። ሁለት ወር የተሸከመችውን እግሯ ለምዶታል። ምቱን ካቆምኩ በኋላም ያንኑ ይመታሉ።

ወጥመዱ ተረከዟ ውስጥ አልነበረም። ከተረከዟ ወደ ላይ ወጥቷል።

ወለሉ መሃል ቆመች። ዙሪያዋን ክፍት ነው፤ በሩ በስምንት ክንድ ርቀት ላይ። ዛሬ ብትሸሽ ሕንፃው ያሳድዳታል፣ ውጭ ደግሞ አጎት ይጠብቃታል፤ እጇም ባዶ ነው። አራተኛው ጥብጣብ ካለ ግን ከአጎት በላይ ላሉት መጻፍ ትችላለች። በሕይወት አንዴ ብቻ የሚጻፍበት አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር በልቧ ይዛለች።

ሐሙስን ማለፍ አለባት።

*

ሐሙስ ጠዋት ባለ ሌዘሩ ራሱን በጠባቡ በር ብቅ አደረገ። «እታለም፣ ለቅንጣቷ አዲስ ፈሳሽ አለሽ? ዛሬ እንግዳ አለብን፤ ታጥባ ትቅረብ።»

«አለኝ ወንድሜ። አሁን አመጣለሁ።»

ፈጥነው የሚዋኙ ሕዋሳትን ለማዘግየት የሚጨመር ነጭ ዱቄት አለ፤ ውሃን እንደ አጥሚት ያወፍራል። ከእሱ ሁለት በመቶ ጨመረች። ወፍራም ፈሳሽ ውስጥ ያለች ቅንጣት የውጭውን ንዝረት ትሰማለች፤ ለመንቀጥቀጥ ግን ትሰንፋለች። ከዚያ እጇ ለሦስት ዓመት የለመደውን አደረገ። ጠርሙሱ ላይ እውነቱን ጻፈ፦ ወፍራም፣ ሁለት በመቶ። ጽሑፉን ወደ ግድግዳው አዙራ አስቀመጠችው። ብረቱን ከሚዛኑ መለኪያ ብረቶች መካከል ደበቀች፣ ቱቦዋን ጣለች፣ የተረከዟን ጉድጓድ በሰም ሞላች።

አምስት ሰዓት። ዘጠኝ ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ድመቱ ማሽኑ አጠገብ ነው።

ፕሮፌሰሩ ቀድሞ ሄደ። «በስልሳ ዓመቴ መራመድ ልፈተን» እያለ። መስመሩ ትንሽ አበጠ፣ ተኛ። የቧንቧ ሠራተኛው እያነከሰ ሄደ። መስመሩ ትንሽ አበጠ፣ ተኛ።

ባለ ሌዘሩ ግንባሩን ቋጠረ። «ዛሬ ደክሟታል» አለ ለራሱ።

«ቀጥሎ» አለ ድመቱ፣ ወደ ክር እያየ። ፊቷን አልነበረም የሚያየው። ጫማዋን ነው።

አንድ።

ሁለት። ግራው ወደቀ።

ሦስት። አራት። የሚሰማው የአየር ትራሱ ትንፋሽ ብቻ ነበር።

አምስት። ስድስት።

ሰባት።

መስመሩ ትንሽ አበጠ።

ተኛ።

«ድገሚው» አለ ድመቱ።

ደገመችው። ያው ነው።

የድመቱ አንገት ቀላ። «ጫማሽን አውልቂ። ግራውን።»

ሰጠችው። ከኪሱ ሰንጢ አውጥቶ፣ ሶሉን ሳያይ፣ ጎኑን ሳይነካ፣ በቀጥታ ተረከዙን ፈለቀቀ። ቢጫ ሰም። በሰንጢው ጫፍ ቆፈረ። አሁንም ሰም።

«ርካሽ ጫማ ነው ጌታዬ» አለች ክር። «ባዶውን በሰም ነው የሚሞሉት።»

 ቀድሞ የተናገረው ባለ ሌዘሩ ነው። ተንኮል አልነበረበትም፤ ያልገባውን ነገር ሳይጠይቅ ማደር የማይችል ሰው ነው።

«ይቅርታ ጌታዬ፤ ማሽኑ ምንም አላለም። ተረከዙን በምን አወቁት?»

ድመቱ ሰንጢውን አጠፈ። ዘጠኝ ሰው መልስ እንደሌለው አየ። ክርም አየች፤ የጎደለውም ያኔ ተሟላላት። አጎት የሸጣት ለዚህ ሰው ነው። ድመቱ የአጎት ሰው ነው፤ ሰላይ ይዞ ከፍ ሊል፣ አጎትም ከፍ ባለው ወንበር ላይ የራሱን ሰው ሊያስቀምጥ። መርፌው እንዲያልፍ ክሩ ይቆረጣል።

«በምን አወቅኩ?» አለ ድመቱ ቀስ ብሎ። «አንተ ማሽኑን እንዳበላሸኸው ባወቅኩበት ነዋ። ትናንት የሚሠራ፣ ዛሬ የሚተኛ። ማንን ነው የምትሸፍነው?»

«እኔ? እኔ እኮ ነኝ ሌባውን ስፈልግ የ—»

ሁለት ዘበኞች በብብቱ ያዙት። ሲያወጡት ዓይኑ ጠርሙሱ ላይ አረፈ፤ በግርግሩ ተናውጦ ቀስ ብሎ በሚመለሰው ፈሳሽ ላይ። ከዚያ እሷን አየ። ረዘም አድርጎ።

ገብቶታል።

ምንም አላለም። በሩ ተዘጋ።

*

ስድስት ተኩል ላይ ፎቁ ለምሳ ተለቀቀ። ባለ ሌዘሩ ምድር ቤት ነው። በስምንት ሰዓት መኪና ይመጣል ሲሉ ሰምታለች፤ በዚያ መኪና የሄደ ሰው ሲመለስ አይታ አታውቅም።

እሷ ግን አልፋለች። ማስረጃ የለም። አፏን ዘግታ ብትቀመጥ ሞግዚት ሆና ትቀጥላለች፤ ከአጎት ጋርም ድርድር ይኖራል፤ ምናልባት አንድ ቀን ቤቷ፣ እናቷ። የሚያስፈልገው ምንም አለማድረግ ብቻ ነበር።

ስድስት ከአርባ ላይ የሌዘሩን ክፍል አቋረጠች። የውስጠኛው ክፍል ይሞቃል። አራተኛው ጥብጣብ ከማተሚያው ላይ ተንጠልጥሏል። ቀደደችው፣ ጠቀለለችው፣ ያገለገለ ጓንት ጣት ውስጥ ከታ ቋጠረችው፣ ቀዩ ባልዲ ውስጥ ከሌሎቹ ጓንቶች መካከል ጣለችው።

ከዚያ ጊዜ ሳይኖራት ሳህኖቹን መገበች። አንድ በአንድ። የአራት መቶ ቀኑን መጨረሻ ላይ። ነገ ማን እንደሚመግባቸው አላወቀችም።

ስትወጣ ጫማዎቿን አወለቀች። ግራውን ጫማ በር አጠገብ ካለው ወረቀት ፊት፣ ከጥያቄ ምልክቱ በታች ባለው መደርደሪያ ላይ አስቀመጠችው፤ የተፈለቀቀውን ተረከዝ ወደ ሰው አዙራ። ከጎኑ የተሞረደውን ብረት። ከብረቱ ጎን ጠርሙሱን፤ ጽሑፉ አሁን ወደ ፊት ነው። የፎቁ ሰዎች ከምሳ ሲመለሱ አብረው ያዩታል፤ ሁሉም ያየውን ድመቱ ብቻውን ሊደብቀው አይችልም። ባለ ሌዘሩን ከጠየቁት በአንድ ሰዓት ያረጋግጥላቸዋል። ምንጩ ተገኘለት።

የላቦራቶሪውን ነጭ ሸበጥ አጥልቃ፣ ቀዩን ባልዲ ይዛ፣ በኋላው ደረጃ ወረደች።

የጓሮው ዘበኛ ብርቱካን ይልጣል። «ሞግዚት፣ በሸበጥ?»

«ይሄ ባልዲ ጫማ ላይ ከፈሰሰ ጫማውም አብሮ ይቃጠላል።»

«ክፈቺው።»

«አንተ ክፈተው። ጓንት ግን አላደረግክም።»

እጁን ወደ ባልዲው ዘረጋ። ቆመ።

«ምንድን ነው ያለው?»

«የሞተ ነገር» አለች ክር። «ያልሞተም አለበት።»

ዘበኛው ብርቱካኑን አየ። እጁን አየ።

«ሂጂ በቃ እናቴ። ምሳዬን አታስጠይኝ።»

የቆሻሻው መኪና በሰባት ሰዓት ይገባል። ጓንቷን መርጣ ባልዲውን ገለበጠች። በሩ ሲከፈት መኪናው ገባ፤ በመኪናውና በግንቡ መካከል አንድ ሰው የሚያሳልፍ ቦታ ነበር።

አንድ ሰው አለፈ።

በሦስተኛው መንገድ ጥግ ፖስታ ገዛች። ጥብጣቡን ከተተች፤ ከሦስት ቃል አልበለጠችም፦ «አጎት ድመት አለው።» በልቧ የያዘችውን ቁጥር ጻፈች፣ ሣጥኑ ውስጥ ለቀቀችው። መልስ የሚመለስበት አድራሻ አልጻፈችም። እናቷ ቤት አይሆንም፤ ያንን በር አጎት ከእሷ በተሻለ ያውቀዋል። ፖስት ካርዱም ከዚህ ወር ጀምሮ ይቆማል። መርከቧ ሰጠመች ብለው ይሆን የሚያለቅሱት፣ ወይስ እየጠበቁ ይኖራሉ?

ተልእኮው አለቀ።

*

ሌላ ከተማ። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት። መጽሔት ክፍሉን የምታጸዳው ሴት ዝምተኛ ናት፤ ስሟን ጠይቆ ያስታወሰ የለም።

በሁለተኛው ዓመት አንድ ቀን አቧራ ስትጠርግ አንድ የሳይንስ መጽሔት ተከፍቶ አገኘች። ሕያው ሕዋስን በብርሃን ይዞ ስለመለካት የሚናገር ጽሑፍ ነው። ከአናቱ የምታውቀው ስም አለ። ድንቡሽ ፊደል የሚጽፍ ሰው ስም። መጥረጊያዋን ደግፋ ቆመች፣ እስከ መጨረሻው አነበበችው። አብዛኛው ስሌት ነው። ልኬቱ እንዴት እንደተወሰደ በሚገልጸው ክፍል መጨረሻ፣ በደቃቅ ፊደል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦

«በሁለት ወር ውስጥ በምሳ ሰዓት የተወሰዱ ልኬቶች፣ ምንጩ ታውቆ ስለወጣ፣ ከስሌቱ ተቀንሰዋል።»

መጽሔቱን እንደነበረ አስቀመጠችው።

የቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ጣውላ ነው፤ ሁሉንም ይናገራል። መጀመሪያ ሰሞን ባዶ ሰዓት ላይ ስትወርድ አንድ አንባቢ ቀና ብሎ አይቷት ነበር፤ ዓይኑን ወደ እግሯ ጣል አድርጎ። ከዚያ ወዲህ ብቻዋን ወርዳ አታውቅም።

ስድስት ሰዓት ሲሞላ ወንበሮች ተጎተቱ። አንባቢው ሁሉ ለምሳ ተነሳ። ደረጃው በሃምሳ፣ በስልሳ ጥንድ እግር ተንጓጓ።

ባልዲዋን አንስታ መሃላቸው ገባች።

ግራው ይከብዳል። የሰማ ግን አልነበረም።